ጋዲን እንጥራው አንጥራው ያልን ሰሞን

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው፤ የልጄ ልጅ ሺራና ጓደኞቿ። ዓርብ ከሰዓት ሳሎን ተደርድረው ቴሌቪዥን ሲያዩ ጭቅጭቅ አነሡ። ምርጫ ቀርቧል። አንድ ስድብ ከአፉ የማይጠፋ ተወዳዳሪ በቴሌቪዥን ክርክር ይቅረብ ወይስ አይቅረብ እየተባለ አገሩ ይነታረካል። ሺራ፣ «ካላቀረቡት ፈሩት ይባላል» ትላለች። ወታደር የሆነው ጓደኛዋ፣ «ካቀረቡትማ ሌላው ሰው መቼ ሊናገር ነው?» ይላል። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ ነው የሚጨቃጨቁት፤ ሲናደዱ አማርኛው ጨርሶ ይጠፋል። እኔ ጥግ ይዤ ምስር እለቅማለሁ።

«ሳቭታ» አለችኝ ሺራ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ያንቺ ሥራ ሰው ማስታረቅ አልነበር? ያን የጋዲን ነገር ንገሪያቸው እስቲ።»

«የጋዲ ነገር አጭር አይደለም» አልኳት።

«አንቺ መቼ አጭር ታውቂያለሽ» አለችና ሳቁ። ቴሌቪዥኑን ግን አልዘጉትም፤ ድምፁን ዝቅ አደረጉት እንጂ።

ነገርኳቸው። ግማሹን ሰሙ፣ ግማሹን ስልካቸው ወሰደው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል ያስቆጠረኝ ባሌ ነው፣ እሱም በትርፍ ሰዓቱ። እንደ ወሬዬ ከመንገድ እየወጣሁ ብጽፍ አትፍረዱብኝ።

በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጡን ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ኔታንያ ስንገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ብርቱካን መምረጥ ነበር፣ ቴል ሞንድ በኩል ካለ መጋዘን። ያን ጊዜ ገና ጥቂት የብርቱካን ማሳ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ሁሉም ቤት ሆኗል። ብርቱካኑ እየተንከባለለ ፊታችን ያልፋል፤ የበሰበሰውን በግራ እጅ፣ የተጫረውን በቀኝ እጅ ማንሣት ነው። አለቃችን ስማችንን መያዝ አቅቶት ሁላችንንም ሳራ ይለናል። ሳራ ብሎ ሲጠራ ሴቱ ሁሉ ይዞራል፤ ሁሉም ሲዞር ደግሞ ይናደዳል። ቀጥሎ ባሕሩ አጠገብ ካለ የአረጋውያን ቤት ገባሁ፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መስኮት መወልወል። ሰው ኔታንያ ሲል ባሕሯን ነው የሚያወራ፤ እኔ ባሕሩን ያየሁት መስታወት ስወለውል ነው። እዚያ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ነበረች፣ በየቀኑ ባሕሩ ዛሬ ምን ይመስላል የምትለኝ። የሷ ታሪክ ይቅር፤ ከገባሁበት አልወጣም።

ሽምግልናውን የጀመርኩት ሳልቀጠር ነው። በኛ ሕንፃ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰተት ብዬ እገባና ውሃ ስጡኝ እላለሁ። የተጣላ ሰው ውሃ ስጠኝ ሲሉት ይነሣል፤ ከተነሣ ከጠቡ አንድ እርምጃ ራቀ ማለት ነው። ይህን የሰማች ኦሪት የምትባል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ቤቴ ድረስ መጣችና «ይህንኑ በደሞዝ ሥሪው» አለችኝ። ሜጋሼሬት ነው የሚሉት፤ በእኛ ቤተሰቦችና በመሥሪያ ቤቶች መካከል የምትመላለስ ሴት ማለት ነው። ደሞዙ በሰዓት ነበር፤ ደረጃ መውጣቱ አይቆጠርም። ወረቀቱን ኦሪት ትሞላልኛለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ችኩል ነበረች። ወር በገባ ቁጥር «አዛለች፣ ስንት ጉዳይ ዘጋሽ?» ትለኛለች። ጠብ አይዘጋም፣ ይበርዳል እንጂ፤ ግን ለአለቃዋ የምትለው ስለሚያስፈልጋት ደስ የሚላትን እነግራታለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አባ ታረቀኝ ናቸው። የወገራ ሰው ናቸው፣ በአገር ቤት ደም ያደረቁ ሽማግሌ። እዚህ ከገበያ የገዙትን ረጅም ጥቁር ካፖርት በበጋም አያወልቁትም። ማንም አልቀጠራቸውም። ደሞዝ ላስጠይቅልዎ ብላቸው፣ «ሽማግሌ ሲከፈለው ጠበኛ ይበዛል» አሉኝ። አብሬያቸው እየዞርኩ በዓይኔ ነው የተማርኩት። በር ከማንኳኳታቸው በፊት ደረጃ ላይ ቆመው ትንፋሻቸው እስኪረጋ ይጠብቃሉ። ገብተው ሰላምታ እንደሰጡ ቴሌቪዥኑን ያስጠፋሉ፤ ማጥፊያውን አይጫኑም፣ ሽቦውን ከግድግዳው ነው የሚነቅሉት። የተጣሉትን ሰዎች ፊት ለፊት አያስቀምጡም። ሁለቱም እሳቸውን እንዲያዩ ጎን ለጎን ያደርጓቸዋል። ከዚያ ጯሂውን ያስቀድማሉ። እስኪነጥፍ ያናግሩታል፤ የነጠፈ ሰው ጆሮው ይከፈታል ባይ ናቸው።

ትልቁ ነገራቸው ግን ቃል መመለስ ነበር። ተራው የደረሰው ሰው የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ቃል መድገም አለበት፣ ባላጋራው «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩ» እስኪል ድረስ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና ሚስቱ ዘንድ የሄድን ቀን ትዝ ይለኛል። ሴትዮዋ ተናግራ ስትጨርስ አባ ወደ ባልየው ዞሩ።

«ምን አለች?»

«ሰካራም ነው አለች።»

«አላለችም። በይ ልጄ፣ ድገሚለት።»

ደገመችለት። ያለችው፣ ቁልፉ በሩ ላይ ሲንቀጫቀጭ ልጆቼን ወደ መኝታ ቤት እሰበስባለሁ፣ ነበር።

«አሁንስ ምን አለች?»

«የቁልፌን ድምፅ ሲሰሙ ልጆቼ ይደበቃሉ አለች» አለ። ሥራው ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሰው የሌላውን ቃል በራሱ ምላስ ሲቀምሰው ነው የሚታረቀው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአንድ ትምህርት ቤት ጠሩኝ። አንድ ልጃችን ኳስ መትቶ መስኮት ሰበረ ተብሎ ርዕሰ መምህርቷ ፊት ቆሟል። እሷ፣ «እኔን ማየት አልፈለገም፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል፣ ጥፋተኛ መሆኑን ራሱ ያውቃል» አለችኝ። እኔ፣ «በኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው፤ ይህ ልጅ አክብሮሽ ነው» አልኳት። ደንግጣ ተነሥታ ልጁን አቀፈችው። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደስታዬ የሞኝ ነበር፤ አንዲት ርዕሰ መምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስለሰማችኝ አገሩ ሁሉ የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጋዲ ልመለስ።

ሰፈራችን ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ለእኛ ሰዎች የሰጠን አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ ቤት ነበር። ታች፣ ከሰዓት በኋላ ልጆች የቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል፤ እናቶቻቸው እስኪመሽ ሲያጸዱ ስለሚውሉ ቤት የሚጠብቃቸው የለም። ላይ፣ ሽማግሎች ይቀመጡበታል፣ ለኔም አንድ ጠረጴዛ ነበረችኝ። አስቴር እዚያ ቤት ነው ያደገች። ከአዲስ አበባ ስትመጣ እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች፤ አድጋ ነርስ ሆነች። የሰፈሩ አሮጊት ሁሉ መርፌ የሚወጋው በሷ እጅ ነው። ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ መሬቱ ለረጅም ፎቅ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ብላ ተነሣች። ከገባች ቤቱን ታስቀረዋለች፤ ካልገባች የሚናገርለት የለም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጋዲ ደግሞ እዚሁ የተወለደ ነው፤ እናቱ ከኛ ሕንፃ ቀጥላ ነው ያለች። ኢር ያሚም በሚሉት የባሕር ዳር ሰፈር የሚሠሩትን አዳዲስ ፎቆች ይሸጣል፤ ባሕር የሚያይ ሳሎን፣ ባሕር የሚያይ ኩሽና እያለ። ሲፈልግ አንደበቱ ቅቤ ነው፣ ሳይፈልግ ምላጭ። እሱም በሌላ የምርጫ ዝርዝር ገብቶ ተወዳደረ። የሰፈራችን ድምፅ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃ። ጋዲ በየቀኑ በስልኩ ራሱን እየቀረጸ ያወጣል። «ሽማግሎቹ ቤቱን የፈለጉት ለካርታ ጨዋታ ነው። ካርታውን እኔ እገዛላቸዋለሁ፣ ቤቱን ይልቀቁልን» ይላል። አባ ታረቀኝን አንተ ይላቸዋል። ዕብራይስጥ አንተና እርስዎ ስለማይለይ ልጆቻችን ሁሉ አንተ ነው የሚሉን፣ አንቀየምም። የጋዲ አንተ ግን ሌላ ነበረች፤ ሲላት ፈገግ ይላል።

በዚህ መካከል የአማርኛ ፕሮግራም ያላቸው የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። «ክርክር እናስተላልፍ፣ በቀጥታ፣ ከናንተው አዳራሽ። ማን እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ» አሉን። ልንነጋገርበት ተሰበሰብን፤ አባ፣ አስቴር፣ እኔ፣ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም የምትሸጠው ብርቄ፣ ሌሎችም ሽማግሎች ነበሩ።

«አይጠራም» አለች ብርቄ። «ያ ልጅ አፉን በከፈተበት ሌላ ሰው አፍ የለውም። ቲማቲም ሲገዛ እንኳ ይጮሃል። አስቴር ብቻዋን ትናገር።»

«ብቻዋን ከተናገረች ክርክር አይባልም» አሉ አባ።

«እንግዲያ ምን ይባላል?»

«ሐሜት።»

አስቴር ስትሰማ ቆይታ አንድ ነገር አወጣች። መሬቱን ሊገዛ የተዘጋጀው የፎቅ ሠሪ፣ ጋዲ የሚሠራለት አለቃው መሆኑን ሰምታለች። ከማዘጋጃ ቤቱ የሚያውቅ ሰው ነው የነገራት።

ብርቄ ጠረጴዛውን መታች። «ይኸው። ነገ ጠዋት ገበያ ላይ እለዋለሁ። እስከ ቀትር አገር ይሰማል።»

«አትይም» አሉ አባ። «ሰው በሌለበት አይከሰስም። አስቴር ፊቱ ላይ ትጠይቀው። ከመለሰ መለሰ፤ ካልመለሰ አገር ያያል። ይህ እንዲሆን ደግሞ መጠራት አለበት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።»

እኔ ብዙ አልናገርም ነበር፣ ያን ቀን ግን ተናገርኩ። «አባ፣ አንዳንዱን ሰው እርስዎ ራስዎ ለብቻው ነው የሚያነጋግሩት። ሰው ሲያይ አፉ እሳት የሚሆነውን። ጋዲም እንዲያ ያለ ነው።»

«እሱ ጠብ ነው፣ ጠብ በተናጠል ይበርዳል። ይሄ ግን ፍርድ ነው። ፍርድ ሁለቱም ባሉበት ነው።»

«ዳኛው ማነው?»

«ሕዝቡ።»

«ሕዝቡ በየቤቱ ነው ያለ፣ አባ። እዚህ ማን ያስቆመዋል?»

ቀና ብለው አዩኝ። ተቆጡ መሰለኝ፤ አልተቆጡም። «አዛሉ» አሉኝ፣ «ሳይሰማ የወደቀ ሰው የጣለውንም ይዞ ይወድቃል።» ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነገሩ አለቀ። ጋዲ ተጠራ። በነጋታው በስልኩ፣ «ጠሩኝ፣ እመጣለሁ። ፋሻ አዘጋጁ። ነርሷም ስለምትኖር ጥሩ ነው» ብሎ አወጣ። ሰፈሩ ሳቀ። የኛም ልጆች ሳቁ።

ከዚያ በኋላ አባ አስቴርን አስቀምጠው አዘጋጇት። እኔ ጋዲን ሆኜ እጮሃለሁ፣ እሷ ትሰማለች። የኔን ጩኸት አባ «የበግ ጩኸት ነው» ብለው ሳቁበት። ስጨርስ ቃሌን በተራ፣ አንድ ሳታስቀር ትመልሳለች። የመጨረሻው ስለ አለቃው የምትጠይቀው ነበር። አባ ደስ ብሏቸው፣ «ከወገራም ሽማግሌ እንዲህ ቃል የሚይዝ አላየሁም» አሏት። ፊቷ በራ።

ቀኑ ደረሰ። የቴሌቪዥኑ ሽቦ ደረጃውን እንደ ሐረግ ወጥቶ አዳራሹን ሞላው። አባ ካፖርታቸውን ሰብስበው ሽቦውን እየተሻገሩ «የዚህ ሁሉ መንቀያው የት ነው?» አሉኝ። አቅራቢው ሳቂታ ወጣት ነው፤ አባ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባን ከኋላ ከኔ ጎን አስቀመጧቸው። ሁለቱን ተወዳዳሪዎች ፊት ለፊት አደረጓቸው፣ ሊዋጉ እንደተዘጋጁ አውራ ዶሮዎች።

ጋዲ ማስቲካ እያኘከ ገባ። «ታረቀኝ፣ ካርታውን የት ደበቅኸው?» አላቸው። ወደኔ ዞረና «እማማ አዛለች፣ ልታስታርቂን መጣሽ?» አለኝ።

«ከተጣላችሁ» አልኩት።

«ምን ያጣላናል? እኔ አሸንፋለሁ፣ እሷ ትሸነፋለች፣ በሰላም እንለያያለን።»

መብራቱ በራ። አቅራቢው ስለ ቤቱ ጠየቀ። ጋዲ ቀደመ።

«ይሄ ቤት ለከተማው ምን ያስገባል? ባዶ። ጣራው ያፈስሳል፣ ሽንት ቤቱ ይሸታል። ልጆቻችን እዚህ ምን ይማራሉ? ድህነት። እኔ ለልጆቻችን የተሻለ እፈልጋለሁ። እነዚህ ሽማግሎች ለልጆቻችን የሚፈልጉት አሮጌ ወንበር ነው።»

አስቴር እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ እስኪጨርስ ጠበቀች። እሱ ግን አይጨርስም። አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ያነሣል፤ ትንፋሽ የሚወስደው እንኳ በነገር መሀል ነው። «አስቴር ጎበዝ ነርስ ናት። መርፌ አወጋጓን እናቴም ትመሰክራለች። ከተማ ግን ቂጥ አይደለም።» አቅራቢው ሳቀ። ካሜራ የያዘው ልጅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «መልሺልኝ እንጂ» አላት ጋዲ። አፏን ስትከፍት፣ «አያችሁ፣ መልስ የላትም» ብሎ ቀጠለ። አፏን መልሳ ዘጋች።

አገር ቤት ቢሆን ጋዲ እዚያ ላይ አልቆለት ነበር። ሽማግሌ ፊት የሰው ቃል የሚነጥቅ ሰው እውነት የለውም ይባላል። ዝም ብሎ የሰማው ከብሮ ይወጣል። እዚህ ግን በየሳሎኑ የተቀመጠው ሰው ያየው አንዲት ዓይኗን የሰበረች ሴትና አንድ የሚናገር ወንድ ነው። እኔ እያንዳንዱ ቤት እየገባሁ፣ አክብራው እኮ ነው፣ ቃሉን እየያዘችለት እኮ ነው ማለት አልችልም።

ብርቄ ከኋላዬ ክንዴን ትቆነጥጣለች። «ግቢ በያት። አቋርጪው በያት።»

«ይነጥፋል፣ ታገሡ» አሉ አባ በሹክሹክታ።

አልነጠፈም። በሰው ቤት የሚጮህ ሰው ሚስቱን፣ ልጁን፣ ጎረቤቱን እያየ ነው፤ ፊታቸው ያደክመዋል። ጋዲ የሚያየው የካሜራውን ጥቁር ዓይን ነው። ካሜራ ደግሞ አይከፋው፣ አያለቅስ፣ አይደክመው።

አቅራቢው ሰዓቱን አየ። «ይቅርታ፣ ጊዜያችን አልቋል። አስቴር፣ በአጭሩ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።»

አስቴር ቀና አለች። መሬቱን የሚገዛው አለቃህ ነው ወይ ብትለው በቂ ነበር፤ ለዚህች ጊዜው ይበቃት ነበር። እሷ ግን እንደ ወጉ ጀመረች። «ወንድሜ ጋዲ ያለው» አለች፣ «ይህ ቤት ለከተማው ምንም አያስገባም፣ ጣራውም ያፈስሳል፣ ልጆቻችን ከዚህ የተሻለ ይገባቸዋል ነው። እንዲያ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ እንዲያ ነው» አለ ጋዲ እየሳቀ። «አመሰግናለሁ።»

«እኛም ሁለታችሁንም እናመሰግናለን» አለ አቅራቢው፣ ሙዚቃው ገባ።

አስቴር ከወንበሯ አልተነሣችም። አንድ ሠራተኛ መጥቶ ከአንገትጌዋ ላይ ማይክራፎኗን ሲፈታ፣ «መልሴ አሁን ነበር» አለችው። «ቆንጆ ነበርሽ» አላትና ሄደ።

ሳይመሽ ቃሏ በየስልኩ ደረሰ። ወንድሜ ጋዲ ያለው የሚለውን ቆርጠው፣ እንዲያ ነው ያልከው የሚለውንም ቆርጠው፣ መካከሉን ብቻ። አስቴር በገዛ አፏ፣ ይህ ቤት ለከተማው ምንም አያስገባም ትላለች። ጋዲ «ራሷ አመነች» ብሎ ጻፈበት። ብርቄ ገበያ ላይ ስለ አለቃው መናገር ጀመረች፤ አሁን ማን ይሰማታል። «ስትሸነፉ ነው ይሄን ያወጣችሁት?» ይሏታል በርበሬ የሚገዙት። እውነትም ሰዓት አለው፤ ካለፈው ቅናት ይመስላል።

ጋዲ ተመረጠ። ቤቱ ፈረሰ። መሬቱን የገዛው አስቴር ያለችው ሰው ነበር፣ ማንም አልገረመውም። አሁን እዚያ የቆመው ፎቅ ከላይ ባሕር ያሳያል ይላሉ፤ አልወጣሁበትም። ልጆቹ አንድ ሁለት ዓመት በየደረጃው ቦርሳቸውን ይዘው እናቶቻቸውን ሲጠብቁ አያቸው ነበር። ከነሱ አንዳንዶቹ የት እንደደረሱ አውቃለሁ፣ አልጽፈውም፤ እናቶቻቸው በሕይወት አሉ።

እኔን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር አዛወሩኝ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ወንበር ብቻ። ከዚያ አዲስ አለቃ መጣና ለዚህ ሥራ ዲግሪ ያስፈልጋል አለ። ኬክ ቆረሱልኝ፣ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ጡረታው ገንዘብ አትጠይቁኝ።

አባ ታረቀኝ ከምርጫው በኋላም ቤት ለቤት መዞራቸውን አልተዉም፣ እኔም አብሬያቸው። ትንፋሻቸውን ደረጃ ላይ ይሰበስባሉ፣ የተጣሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ቃሉን መልስለት ሲሉ ግን ሰምቻቸው አላውቅም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ራሷ፣ «አባ፣ የሱን ቃል ልመልስ?» አለቻቸው። «ተይው፣ የራስሽን ተናገሪ» አሏት። ደረጃውን ስንወርድ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። አስቴር ለለቅሶው ከሌላ ከተማ መጣች፤ እዚያ ሆስፒታል ገብታ ነው የምትሠራ፣ ኔታንያን ትታለች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እማማ አዛለች፣ አሁንም ሰው ሲናገር እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ዶክተሮቹ ሞኝ እመስላቸዋለሁ። ልተወው ብል አልተወኝም» አለችኝ።

ሺራና ጓደኞቿ ቁርጡን ንገሪን ነው የሚሉኝ፤ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ? በቃህ የሚለው ሰው ባለበት ይቅረብ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ በሩ ላይ ይቅር፣ ፈሩት ከተባለም ይባል። ወታደሩ ልጅ፣ «እና በቃህ የሚለው ማነው?» አለኝ። እኔም አባን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ከገበያ ስወጣ አንድ ሰው፣ «እማማ አዛለች፣ ዕቃሽን አምጪ» አለኝ። ጋዲ ነው። በቀጣዩ ምርጫ ወድቆ ተመልሶ ፎቅ ይሸጣል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁም ዝቅ ብሏል። ከረጢቴን ይዞልኝ ወደ አውቶቡሱ ሄድን። ስለ እናቱ ጠየቅሁት፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ «ያን ቀን እንዲያ ያስደፈረህ ምን ነበር?» አልኩት።

የቱን ቀን ብሎ አልጠየቀኝም። «ልቀር ነበር እኮ» አለ።

«ምን ሆነህ?»

«ፋሻ አዘጋጁ ካልኩ በኋላ አስቴር ስለ አለቃዬ እንደሰማች ደረሰኝ። ከጠየቀችኝ መልስ የለኝም፤ አገር ፊት ያልቅልኛል። አሞኛል ብዬ ልቀር ወስኜ ነበር። ለእናቴ እንኳ ነግሬያት ነበር።»

«ታዲያ ማን አመጣህ?»

ከረጢቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዞረው።

«አባ ታረቀኝ ናቸው» አለ። «እናቴ ናት የነገረቻቸው። ኢር ያሚም ድረስ በእግራቸው መጡ፣ በዚያ ካፖርት። ሳትሰማ ብትወድቅ ነውሩ የኛ ነው፣ ና አሉኝ። እፈራለሁ አልኳቸው፣ እንደምፈራ ለሌላ ሰው ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ናቸው ትከሻዬን ይዘው፣ ‹አይዞህ ልጄ፣ እሷ አታቋርጥህም፤ አንተ እስክትጨርስ ትጠብቅሃለች› ያሉኝ።»